በቪዥዋል ኢፌክት ሶፍትዌር ኩባንያ ውስጥ ያለው ሥራ

የቪዥዋል ኢፌክት ሶፍትዌር ኩባንያ ራሱ ፊልም አይሠራም፤ የሚያዘጋጀው ስቱዲዮዎች ጎርፍን፣ እሳትን፣ የሕንፃ መፍረስንና መሰል ትዕይንቶችን በኮምፒውተር የሚፈጥሩበትን መሣሪያ ነው። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘርፉ በ1980ዎቹ ቅርጽ ሲይዝ ካናዳ ግንባር ቀደም ነበረች፤ አሊያስ የተባለው ኩባንያ በ1983 በቶሮንቶ፣ ሶፍትኢሜጅ የተባለው ደግሞ በ1986 በሞንትሪያል ተመሠረቱ። ከዘመኑ ኩባንያዎች መካከል ራሱን ችሎ እስከ ዛሬ የዘለቀው ሳይድ ኢፌክትስ ነው። ኪም ዴቪድሰንና ግሬግ ሄርማኖቪች በ1987 በቶሮንቶ ሲያቋቁሙት፣ ቀድሞ በሠሩበት ኦምኒበስ በተባለ ድርጅት የተጀመረውን ፕሪዝምስ የተሰኘ ሶፍትዌር ይዘው ተነሡ። በ1996 የወጣው ሁዲኒ የተሰኘ ሶፍትዌር የዚያ ሥራ ፍሬ ሲሆን፣ እያንዳንዱን የሥራ ደረጃ ኖድ በሚባል ክፍል ለይቶ ስለሚያስቀምጥ፣ ባለሙያው ከሳምንታት በኋላም ወደ መጀመሪያው ደረጃ ተመልሶ አንድ ቁጥር ቢቀይር ተከታዩ ሁሉ እንደገና ይሰላል። የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ በ2018 ለኩባንያው ፕሮግራመር ለማርክ ኢለንትና ለራሱ ለኩባንያው ስለ ሁዲኒ የኦስካር ሐውልት የሚያሰጠውን የሳይንስና ቴክኒክ ሽልማት አበርክቷል፤ ሥራቸው በብዙ ፊልሞች ውስጥ እያለ ስማቸው እምብዛም ለማይነሣ ፕሮግራመሮች የተገባ ክብር ነው።

በእነዚህ ኩባንያዎች ተመራማሪዎች ስለ ፈሳሽና ጢስ እንቅስቃሴ የተጻፉ ጥናቶችን ወደ ኮድ ይለውጣሉ፤ ሌሎች ገጽታውን ይነድፋሉ፣ ይፈትሻሉ፣ መመሪያ ይጽፋሉ። ከሁሉም የሚከብደው ምናልባት የደንበኞች ድጋፍ ነው። ስቱዲዮዎች በምስጢር ጠባቂነት ውል ስለሚታሰሩ ችግር የገጠመውን ፋይል እንዳለ መላክ አይችሉም፤ ስለዚህ የድጋፍ ሠራተኛው ስህተቱን ብቻ የሚያሳይ ትንሽ ምሳሌ አብሯቸው እስኪያዘጋጅ ድረስ በትዕግሥት መጠየቅ አለበት። ስህተቱ ከተገኘም በኋላ ማረሙ ቀላል አይደለም፤ እርማቱ ዳይሬክተሩ ያጸደቀውን ምስል ሊለውጥ ስለሚችል፣ አሮጌው አሠራር ከአዲሱ ጎን ተጠብቆ የሚቆይበት ጊዜ ብዙ ነው። ስቱዲዮዎች አንድ ፊልም ከጀመሩ በኋላ የሶፍትዌሩን ዋና ቅጂ መቀየር አይወዱም፤ በዚህም የተነሣ ፕሮግራመሮች መጪውን ቅጂ እየሠሩ ያለፈውንም ይጠግናሉ።

አንዳንዱ መሣሪያ ደግሞ ከስቱዲዮ ወደ ሶፍትዌር ኩባንያ ይሸጋገራል። ለንደን ውስጥ በ1996 የተመሠረተው ፋውንድሪ የሚታወቅበት ኑክ፣ ማለትም የተለያዩ ምስሎችን በአንድ ላይ የሚያዋሕደው ሶፍትዌር፣ መጀመሪያ ዲጂታል ዶሜይን በተባለ ስቱዲዮ ለውስጥ አገልግሎት የተጻፈ ነበር፤ ፋውንድሪ ልማቱን የተረከበው በ2007 ነው።

የባለቤትነት ለውጥ ሠራተኞችን በእጅጉ ይነካል። ሶፍትኢሜጅ በ1994 ወደ ማይክሮሶፍት፣ በ1998 ወደ አቪድ፣ በ2008 ወደ አውቶዴስክ ተሸጋግሮ በ2014 የሶፍትዌሩ ልማት እንደሚቆም ተገለጸ። ውሳኔው ተገቢ ነበር የሚሉ አሉ፤ ተጠቃሚዎቹ ግን ጥሩ መሣሪያ እንዳጡ መናገራቸው ትክክል ነው።