ሱፐርሲድ፦ የአንድ የእንግሊዝኛ ግስ ትርጉምና አመጣጥ

ሱፐርሲድ የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ብዙ ጊዜ «ተካ» ተብሎ ይፈታል። ትርጉሙ ግን ከዚያ የጠበበ ነው። የተቃጠለ አምፖል በሌላ ሲቀየር ግሱ ሪፕሌስ ነው። ሱፐርሲድ የሚባለው አዲሱ በሥልጣን፣ በጥራት ወይም በዘመናዊነት በልጦ አሮጌውን ከሥራ ውጪ ሲያደርገው ነው። በእንግሊዝኛ ውሎች መጨረሻ አካባቢ «ይህ ውል ቀደም ሲል በቃልም ሆነ በጽሑፍ የተደረጉ ስምምነቶችን ይተካል» የሚለው አንቀጽ የሚጻፈው በዚህ ግስ ነው። «ሽሮ ተካ» ብንለው ይበልጥ ይቀርበዋል።

ንብ አናቢዎችም ከዚሁ ግስ የወጣ ሱፐርሲጀር የሚል የሙያ ቃል አላቸው፤ የግሱን ጠባይ እንደዚህ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ አጠቃቀም አላውቅም። ንግሥቲቱ ስታረጅ ወይም እንቁላል መጣል ሲያቅታት የምታመነጨው ጠረን ይቀንሳል። ያኔ ሠራተኛ ንቦቹ ጥቂት እጮችን መርጠው ሮያል ጄሊ የሚባለውን ራሳቸው የሚያመነጩትን ምግብ እየመገቡ አዲስ ንግሥት ያሳድጋሉ። ከፊሎቹ ንቦች መንጋ ሆነው ቀፎውን ሲለቁ እንደሚሆነው ኅብረ ንቡ ለሁለት አይከፈልም። አንዳንዴም እናትና ልጅ በአንድ ቀፎ ለጥቂት ጊዜ አብረው እንቁላል ሲጥሉ ይገኛሉ።

የቃሉ ምንጭ የላቲኑ ሱፐርሴዴሬ ነው፤ «ሱፐር» በላይ፣ «ሴዴሬ» መቀመጥ። ፕሬዚዳንት የሚለው ቃልም ከዚሁ የመቀመጥ ሥር ይመዘዛል። ሮማውያን ግን ሱፐርሴዴሬን መተውንና መታቀብን ለመግለጽም ይጠቀሙበት ነበር፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳይኛ በኩል ስኮትላንድ ሲደርስም ትርጉሙ ማዘግየት ነበር። ይህ አሮጌ ትርጉም ፍርድ ቤት ውስጥ አልሞተም። በአሜሪካ ገንዘብ እንዲከፍል የተፈረደበት ወገን ይግባኝ ሲጠይቅ የሱፐርሴዲያስ ዋስትና አስይዞ የፍርዱን አፈጻጸም ማሳገድ ይችላል። ይግባኙ ውድቅ ከሆነ የተፈረደለት ወገን ገንዘቡን ከዚያው ዋስትና ያገኛል።

የዛሬው የመተካት ትርጉም የመጣው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። መንገዱም ሩቅ አይደለም፤ የታገደ ነገር ኃይሉን ያጣል፣ ኃይሉን ባጣው ቦታ ደግሞ ሌላ ይገባል።

አጻጻፉ እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበትን ሰዎች እንኳ ያሳስታል። ብዙዎች እንደ ፕሪሲድና ኮንሲድ ያሉትን ግሶች ተከትለው በሲ (c) ፊደል ይጽፉታል። እነዚያ ግን የተገኙት መሄድንና መልቀቅን ከሚያመለክት ሌላ የላቲን ግስ ነው። በዘወትር እንግሊዝኛ መጨረሻው «ሲድ» ተብሎ ከሚነበቡት ከዚህ ወገን ግሶች መካከል በኤስ (s) የሚጻፈው ሱፐርሲድ ብቻ ነው።