ሐይቅ ዳር ያያችሁት ቡናማ ወፍ ማነው? ስለ ወፍ ልጆች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐይቅ ከተማ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ክረምት ላይ ወጣ ያለ ሰው ሁሉ ስልኩን ዙም አድርጎ አንድ ወፍ ያነሳና «ይሄ ደሞ ምንድነው፣ አዲስ ዝርያ ነው እንዴ?» ይላል። አይደለም፣ ብዙ ጊዜ የዘንድሮ ልጅ ነው።

«ወፍ ለማየት በጋ ነው እንጂ ክረምት ምን አለ?» ጭቃውና ጉሙ እንደሚያስቸግር አውቃለሁ፣ ግን ብዙ ወፍ እኮ ዝናቡን ጠብቆ ነው የሚፈለፍለው።

«ልጅ ከሆነ ትንሽ መሆን አለበት።» ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚች ጋ ነው፣ ወፍ ከጎጆ ወጥቶ መብረር ሲጀምር በቁመና ከወላጆቹ ብዙም አይለይም፣ ስለዚ መጠኑን ተዉትና ላባውን እዩ። የልጅ ላባ በሙሉ ባንድ ወቅት የበቀለ ስለሆነ አዲስና እኩል ነው፣ ብዙዎቹ ላይ ደሞ እያንዳንዷ የክንፍ ላባ ዳሯ ላይ ነጣ ያለች ቀጭን መስመር አላት፣ ልክ እንደ ነጠላ ጥለት። ወላጆቹ በዛው ሰሞን ላባቸው ተበልቶ ደብዝዟል፣ አንዳንዴም ክንፋቸው ላይ የረገፈበት ቦታ ክፍት ሆኖ ይታያል። ገና ከጎጆ የወጣ ትንሽ ወፍ ከሆነ የአፉን ጥግ እዩ፣ ቢጫ ከንፈር የመሰለ ነገር አለው።

«ዓይኑ ዙሪያ ቡናማ ክብ የሌለው የግብፅ ዝይ ሴቷ ናት።» የለም፣ ወንዱም ሴቷም ያ ክብ አላቸው፣ ደረታቸው ላይም ቡናማ ምልክት አለ፣ ሁለቱም የሌለው ልጁ ነው።

«ራሱ ነጭ የሆነው አሳ አዳኝ ንስርና ቡናማው ዝንጉርጉር ሁለት አይነት ናቸው።» አንድ ናቸው፣ ልጁ የወላጆቹን መልክ እስኪይዝ ከ4 እስከ 5 ዓመት ይፈጅበታል። አጥንት ከላይ ጥሎ የሚሰብረው ጥምብ አንሳም እንደዛው ነው፣ ደሴ አጠገብ ጦሳ ተራራ በኩል ሲያንዣብብ ጥቁር ራስ ካያችሁበት ልጅ ነው። ትልቁ ደረቱ ብርቱካንማ ነው፣ እሱም የተፈጥሮ ቀለሙ እንዳይመስላችሁ፣ ብረት ያለበት ቀይ ጭቃ ውስጥ እየገባ ራሱን የሚቀባው ነው (ያጌጣል ማለት ነው መሰለኝ)።

«ሰው የነካውን ጫጩት እናቱ ትተወዋለች።» ኮምቦልቻ ግቢያችን ውስጥ ልጆች ጫጩት ሲያገኙ ሁሌ የምሰማው ነገር ነው። አብዛኛው ወፍ በሰው ሽታ ምክንያት ልጁን አይጥልም። ላባ የለበሰና የሚዘል ከሆነ አልጠፋም፣ መብረር እየተለማመደ ነው፣ ወላጆቹም አካባቢው አሉ፣ ድመት ካለ ቅርንጫፍ ላይ አውጥታችሁ ዘወር በሉ። ራቁቱን ከሆነ ጎጆው መልሱት። ወተት ግን በምንም አይነት አትስጡት፣ ወፍ ወተት አይፈጭም፣ ውሃም አፉ ውስጥ አታንጠባጥቡ፣ ወደ ሳንባው ይገባል።

«ከአውሮፓና ከሩሲያ የሚመጡት ወፎች ልጆቻቸውን እየመሩ ነው።» ሽመላ ላይ በከፊል እውነትነት አለው፣ ልጆቹ መንገዱን ከሚያውቁ ትልልቆች ጋር በመንጋ ይበራሉ፣ የግድ የራሳቸው ወላጆች ባይሆኑም፣ የውሃ ዳሮቹ ባለ ቀጫጭን እግሮች ላይ ግን ባብዛኛው ወላጆቹ ቀድመው ይሄዳሉ፣ ልጆቹ ከሳምንታት በኋላ አይተውት የማያውቁትን መንገድ ራሳቸው ይዘው ይመጣሉ። ስለዚ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ የምታገኙት ትልልቆቹን ነው፣ ልጆቹን ለማየት ከሆነ መስከረም ይሻላል።