ታይፖግራፊና ዲዛይን ለማኅበራዊ ውይይት

ታይፖግራፊ የፊደልን ቅርጽ፣ መጠን፣ ክፍተትና አሰላለፍ የመወሰን ሙያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለመጻሕፍት፣ ለጋዜጣና ለንግድ ማስታወቂያ ይውላል። ከዚህ ጎን ለጎን ሠዓሊዎች፣ አታሚዎችና ሰልፈኞች ስለ ዘር መድልዎ፣ ስለ ጤናና ስለ ሠራተኛ መብት ሰው እንዲነጋገር ሲሠሩበት ኖረዋል። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ይህን የተከበረ አገልግሎቱን ነው (ዘመናቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ቀደምት ከሆኑት ሥራዎች አንዱ በ1787 በእንግሊዝ ከጆሳያ ዌጅውድ የሸክላ ፋብሪካ የወጣው የፀረ ባርነት ሜዳልያ ነው። በሰንሰለት ከታሰረው ሰው ምስል ዙሪያ «እኔስ ሰው አይደለሁም? ወንድምስ አይደለሁም?» የሚል ጥያቄ ተጽፎበታል።

በደንብ ተመዝግቦ የሚገኘው 1968 ነው። በዚያ ዓመት የካቲት ወር በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ ሁለት ቆሻሻ አንሺዎች በመኪናው መጭመቂያ ተደፍጥጠው ሞቱ። 1,300 ያህል ጥቁር ሠራተኞችም ሥራ አቆሙ። በክሌይቦርን ቤተ ክርስቲያን የታተሙት ሰሌዳዎቻቸው ላይ የነበረው «ሰው ነኝ» የሚል ብቻ ነው፤ ፊደላቱ ወፋፍራም፣ «ነኝ» የሚለው ከሥሩ የተሠመረበት። ቃሉን ያፈለቀው የሠራተኛ ማኅበሩ ሰው ዊልያም ሉሲ ከአንድ ቄስ ጋር እንደሆነ ይነገራል። መቶዎች አንድ ዓይነት ሰሌዳ ይዘው ሲቆሙ የሰልፉ ድምፅ አንድ ሆነ። በ2016 ቮካል ታይፕ የተባለውን የፊደል ዲዛይን ድርጅት የመሠረተው ዲዛይነር ትሬ ሲልስ ከእነዚህ ሰሌዳዎች ፊደል ተነስቶ «ማርቲን» የተባለውን ፎንት ሠርቷል።

በዚያው ዓመት ግንቦት የፓሪስ ተማሪዎች የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤታቸውን ይዘው «የሕዝብ ስቱዲዮ» አሉት። መጀመሪያ በድንጋይ ኅትመት፣ ኋላም ፈጣን በሆነው ስክሪን ፕሪንት (ቀለምን በወንፊት ጨርቅ አሳልፎ ማተም) የተቃውሞ ፖስተሮችን ሠሩ። ማታ ማታ በጉባኤ ረቂቆቹን እያዩ ሁለት ነገር ይጠይቁ ነበር፦ ሐሳቡ ትክክል ነው? ፖስተሩስ ሐሳቡን ያደርሳል? ማንም ስሙን አይፈርምም። ይህ ለሙያው ታላቅ ክብር ነው።

በ1987 መጀመሪያ ስድስት የኒውዮርክ ሰዎች «ዝምታ = ሞት» የሚል ፖስተር በየግድግዳው ለጠፉ። ጉዳዩ ኤድስ ነበር። በጥቁር መደብ ላይ ያለው ሮዝ ሦስት ማዕዘን በናዚ ካምፖች ተመሳሳይ ፆታ ያፈቅራሉ የተባሉ እስረኞች የሚለዩበት ምልክት ነው፤ እዚህ ግን ጫፉ ወደ ላይ ዞሯል። ነጮቹ ፊደላት ጊል ሳንስ የተባለው ፎንት ጠባብ ዓይነት ናቸው። ስለምን እንደሚናገር ከሩቅ አይታወቅም፤ መንገደኛው ቀርቦ ግርጌ ያሉትን ደቃቅ መስመሮች ሲያነብ መንግሥት ለምን ዝም አለ የሚል ጥያቄ ያገኛል። የአሠራሩ ብልኃት ይህ ነው፦ ትልቁ ፊደል ያስቆማል፣ ትንሹ ያወያያል።

በቦትስዋና የነበረው ሜዱ የጥበብ ቡድን ከ1979 እስከ 1985 ፀረ አፓርታይድ ፖስተሮችን አሳትሟል። በ2011 በአሜሪካ ኒው ኦርሊንስ ከተማ አርቲስቷ ካንዲ ቻንግ ሰው በጠመኔ የሚሞላው ባዶ መስመር ያለበት ግድግዳ አቆመች፤ በዚህ ጊዜ ጸሐፊው አንባቢው ራሱ ሆነ።

የእነዚህ ሥራዎች ውጤት ያከራክራል። ፓሪስ በፖስተር በተሞላችበት ወቅት በሰኔ መጨረሻ የተደረገውን ምርጫ ተማሪዎቹ የተቃወሙት የፕሬዚዳንት ደጎል ወገን በሰፊ ልዩነት አሸንፏል። በሜምፊስ ግን አድማውን ለመደገፍ የመጣው ማርቲን ሉተር ኪንግ እዚያው ከተገደለ በኋላ፣ ኤፕሪል 16 ቀን 1968፣ ከተማው ለማኅበሩ ዕውቅና ሰጥቶ ደመወዝ ለመጨመር ተስማማ። የፊደሉ ድርሻ ከአድማውና ከሐዘኑ ተነጥሎ ሊለካ አይችልም።