ታዳሽ ውሃ ምንድን ነው?

ከምድር ገጽ 71 በመቶው ውሃ ነው፤ ይህን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ታዲያ የውሃ እጥረት ከየት መጣ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የመጠን መልስ ነው። ከጠቅላላው ውሃ 97 በመቶ ገደማው ጨዋማ ነው፤ ጨው ከሌለው ጥቂት ውሃ ደግሞ ወደ 70 በመቶ የሚጠጋው በተለይ አንታርክቲካና ግሪንላንድ ላይ በረዶ ሆኖ ተቆልሏል፤ ከቀረው አብዛኛው መሬት ውስጥ ነው፤ በዓይናችን የምናያቸው ወንዞችና ሐይቆች ድርሻቸው ኢምንት ነው። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው። ለእኔ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ሌላ ነው፦ የተጠቀምንበት ውሃ በስንት ጊዜ ይተካል?

ታዳሽ ውሃ የሚባለው ዝናብና በረዶ በየዓመቱ ወደ ወንዝ፣ ወደ ሐይቅና ወደ ከርሰ ምድር የሚጨምሩት ውሃ ነው። ሥራውን የምትሠራው ፀሐይ ነች። የባሕሩን ውሃ ስታተነው ጨው እዚያው ይቀራል። ተኑ አየር ላይ በአማካይ ከ9 እስከ 10 ቀን ቢቆይ ነው፤ ከዚያ ይዘንባል። አብዛኛው የሚዘንበው እዚያው ባሕር ላይ ነው፤ መሬት ላይ ከሚወርደውም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከአፈርና ከዕፅዋት እንደገና ይተናል። የሚተርፈው፣ ማለትም በወንዝ የሚፈሰውና ወደ ታች የሚሰርገው፣ የዓመቱ ድርሻችን እሱ ነው። በዓለም ደረጃ ወደ 40,000 ኪሎ ሜትር ኪዩብ ይገመታል። ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን የአማዞን ወንዝ ብቻውን ከዓለም ወንዞች ወደ ባሕር ከሚገባው ውሃ አንድ አምስተኛ ገደማውን ይወስዳል፣ ዳርቻው ላይ የሚኖረው ሕዝብ ግን ትንሽ ነው።

ክምችትና እድሳት የተለያዩ መሆናቸውን የባይካል ሐይቅ በደንብ ያሳያል። ሩሲያ ውስጥ ያለው ይህ ሐይቅ በምድር ገጽ ላይ ካለው ካልበረደ ጨው አልባ ውሃ 20 በመቶ ገደማውን ይዟል። ውሃው በሙሉ ተለውጦ በአዲስ እስኪተካ ግን ከ300 ዓመት በላይ ይፈጃል።

ከዚህም የባሰ አለ። በግብፅ፣ በሊቢያ፣ በሱዳንና በቻድ ሥር ያለው ግዙፍ የኑቢያ ከርሰ ምድር ውሃ በአብዛኛው የተጠራቀመው በሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት፣ ሰሃራ ለምለም በነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ እዚያ የሚተካው ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ሊቢያ ይህንን ውሃ በግዙፍ ቧንቧዎች ወደ ባሕር ዳርቻ ከተሞቿ ታደርሰዋለች፤ ሰው ይጠጣዋል፣ እርሻም ይለማበታል፣ ግን ውርስን ቁጭ ብሎ እንደ መብላት ነው። አሜሪካ ውስጥም የኦጋላላ ከርሰ ምድር ውሃ ከሚሞላበት ፍጥነት በላይ ስለሚሳብ በካንሳስና በቴክሳስ አንዳንድ አካባቢዎች ጉድጓዶች ደርቀዋል።

እጥረት የሚለካውም በታዳሹ ነው። ማሊን ፋልከንማርክ የተባለች ስዊድናዊት የውሃ ተመራማሪ ያስተዋወቀችው መለኪያ ዛሬም ይሠራበታል፦ አንድ አገር ለአንድ ሰው በዓመት ከ1,700 ሜትር ኪዩብ በታች ታዳሽ ውሃ ካለው ጫና ውስጥ ነው፣ ከ1,000 በታች ከወረደ ደግሞ እጥረት ውስጥ ገብቷል ይባላል። ሰው በቀን የሚጠጣው ሁለት ሦስት ሊትር ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ለምን? ምግብ ነዋ! አንድ ኪሎ ስንዴ ለማምረት በአማካይ ከ1,000 ሊትር በላይ ውሃ ይሄዳል። ሰው ከወንዝና ከጉድጓድ ከሚወስደው ውሃ 70 በመቶ ገደማውን የሚጠቀመው እርሻ ነው።

መለኪያው ግን አንድ ትልቅ ነገር ያመልጠዋል፤ ይህ ሁሌም ያሳስበኛል። ዴሞክራቲክ ኮንጎን የሚስተካከላት ታዳሽ ውሃ ያለው አገር አፍሪካ ውስጥ የለም፤ ሆኖም በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎቿ ንጹህ የመጠጥ ውሃ አያገኙም። ዝናቡ ወርዷል፣ ወንዙም ሞልቷል፤ የጎደለው ማጣሪያው፣ ቧንቧውና ገንዘቡ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ለ2022 ባወጡት መረጃ 2.2 ቢሊዮን ሰዎች ደኅንነቱ የተጠበቀ የመጠጥ ውሃ አልነበራቸውም።

ባሕሩን አጣርቶ መጠጣትስ? ይቻላል፤ የባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩት በዚሁ ነው። ጨውን ለመለየት ግን ብዙ ኃይል ይጠይቃል፣ የሚቀረውን ወፍራም ጨዋማ ውሃ መድፊያም ያስፈልጋል። የባሕር ዳር ከተማን ለማጠጣት ያዋጣል፤ አንድ ኪሎው ከ1,000 ሊትር በላይ ለሚፈልግ ስንዴ ግን በጣም ውድ ነው።