ባር ብቻውን መብራት አይሆንም፦ ከትራክተር ሃይድሮሊክ ስለሚሠራ ጄነሬተር የሚነገሩ ስህተቶች

ባለፈው ክረምት አንድ የዶሮ እርባታ ባለቤት 30 የፈረስ ጉልበት ያለውን ትንሽ ትራክተራቸውን እየነዱ አሰላ ወደሚገኘው ጋራዣችን መጡ። ከኋላ በገመድ ታስሮ የተጫነ ባለ 20 ኪሎዋት ዳይናሞ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር በጫጩት መፈልፈያው ውስጥ ያለው እንቁላል እየተበላሸባቸው ተማረዋል፤ በትራክተሩ ሃይድሮሊክ (ማረሻ በሚያነሳው የዘይት ግፊት) የሚዞር ጄነሬተር እንድንሠራላቸው ነበር የፈለጉት። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሠርቼዋለሁ። ዳይናሞው ግን ገና ከትራክተሩ ሳይወርድ እንደማይሆን አውቄ ነበር። «ጋሼ፣ ይህ ትራክተር ይህን ዳይናሞ አይችለውም» ስላቸው የሰጡኝን መልስ ከስንት ሰው እንደሰማሁት መቁጠር አልችልም፦ «ልጄ፣ የመኪና ጎማ እኮ ሁለት ባር ተኩል ነው። የዚህ ዘይት 160 ባር ነው። እንዴት አይችለውም?»

ከዚህ እጀምራለሁ፤ ሌሎቹ ስህተቶች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከዚህኛው ነውና። ባር የግፊት መለኪያ ነው፤ ግፊት ደግሞ ብቻውን ጉልበት አይደለም። የሃይድሮሊኩን መውጫ ደፍናችሁ እጀታውን ብትስቡ መለኪያው 160 ባር ያሳያል፤ ነገር ግን የተንቀሳቀሰ ነገር የለም፤ የተሠራ ሥራም የለም። ግድግዳ ሲገፋ የዋለ ሰው ላቡ ይፈሳል እንጂ ግድግዳው ንቅንቅ አይልም። ፓምፕ የሚሰጠው ፍሰት ነው። ግፊቱን የሚፈጥረው ዘይቱ ከፊቱ የሚያገኘው ጭነት ነው፤ ጭነት ከሌለ መለኪያው ወደ ዜሮ ይጠጋል። 160 የሚባለው ቁጥር የመከላከያው ቫልቭ «ከዚህ በላይ አይታለፍም» ብሎ የሚከፈትበት ጣሪያ ነው፤ ትራክተሩ ሁልጊዜ የሚያወጣው መጠን አይደለም።

ስሌቱ አንድ መስመር ነው። ግፊቱን በባር፣ ፍሰቱን በደቂቃ በሊትር ወስዳችሁ አባዙና ለ600 አካፍሉ፤ የምታገኙት ኪሎዋት ነው። ስለዚህ ፍሰቱን ሳይለኩ ዳይናሞ መግዛት የእግር ቁጥርን ሳያውቁ ጫማ እንደ መግዛት ነው።

ጋሼን አጠገቤ አቁሜ ለካሁት። ረዳቴ የመውጫውን ቱቦ ጫፍ ንጹሕ ጀሪካን ውስጥ ከትቶ አጥብቆ ያዘ፤ ትራክተሩ በሥራ ዙሩ እየዞረ እኔ እጀታውን ሳብኩ። አሥር ሊትር ለመሙላት 24 ሰከንድ ፈጀ፤ ይህም በደቂቃ 25 ሊትር ነው። (ከዚህ በላይ አትቅዱ። የብዙዎቹ ትናንሽ ትራክተሮች ሃይድሮሊክ የሚጠጣው ከማርሽ ሳጥኑ ዘይት ስለሆነ ካጎደላችሁት ፓምፑ አየር ይስባል፤ ይበላሻልም።) 25 በ160 ሲባዛ 4,000፤ ለ600 ሲካፈል 6.7 ኪሎዋት ገደማ ይመጣል። ይህ ግን በዘይቱ ውስጥ ያለው ጉልበት ነው፤ ከሶኬት የሚወጣው አይደለም። የሃይድሮሊክ ሞተሩ 15 በመቶ ያህሉን ይበላል፤ ዳይናሞው ከቀረው ሌላ 15 በመቶ ይወስዳል፤ ቱቦውና ማያያዣውም ድርሻቸውን ያነሳሉ። እጅ ላይ የሚቀረው 4.5 ኪሎዋት ቢሆን ነው። ያውም ቫልቩ ሊከፈት በሚቃረብበት ጣሪያ ላይ። ሳይጨነቅ እንዲውል ከተፈለገ 130 ባር ላይ ማቀድ ይሻላል፤ ያኔ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይገኛል። በዳይናሞው ሰሌዳ ላይ የተጻፈው 20 መሸከም የሚችለው መጠን ነው እንጂ ይዞት የሚመጣው አይደለም።

ከዚያ ቁጭ ብለን የሚያስፈልጋቸውን በወረቀት ደመርን። መፈልፈያው 1,200 ዋት፣ የጫጩቶቹ ማሞቂያ አምፖሎች 600፣ የውሃ ፓምፑ 750። ድምሩ 2,550 ዋት ነው። ሰውየው 20 ኪሎዋት ጨርሶ አያስፈልጋቸውም ነበር! ባለ 5 ኪሎዋት ዳይናሞ በቂያቸው ነው፤ የውሃ ፓምፑ ሲነሳ ለቅጽበት ከ5 እስከ 7 እጥፍ አምፔር ስለሚስብ መጀመሪያ እሱ ይነሳ፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ይከተል። «ምጣድም ቢጨመርስ?» ብለው ጠየቁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ያህል ይፈልጋል። ምጣድ ከተጣደ ጫጩት የለም።

«ቮልቱን ራሱ የሚያስተካክል ዳይናሞ ስለሆነ ዙሩ አያሳስብም።» ያሳስባል። ያ መሣሪያ የሚጠብቀው ቮልቱን ብቻ ነው። ድግግሞሹ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚያሳየው ሄርዝ) የሚመጣው ከዙሩ ነው፦ ባለ አራት ዋልታ ዳይናሞ የአገራችንን 50 ሄርዝ የሚሰጠው በደቂቃ 1,500 ሲዞር ብቻ ነው። አንድ ጊዜ የማራገቢያ ሞተሩ የተቃጠለ መፈልፈያ መጣልኝ። ባለቤቱ «220 ነው፤ ራሴ ለክቼዋለሁ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ቮልቱ 220 ነበር። ጄነሬተሩን አስነስተን በቴስተር ሄርዙን ስናየው 41 ነው። ቮልቱ ሳይወርድ ዙሩ የወረደበት ሞተር ከልክ በላይ እየሳበ ይግላል፤ ጠመዝማዛ ሽቦው ያራል። ለጋሼ የመረጥኩት በአንድ ዙር 16 ሲሲ ዘይት የሚወስድ የማርሽ ሞተር ነው፤ 25 ሊትር ለ16 ሲሲ ሲካፈል 1,560 ዙር ይሰጣል፤ ጭነት ሲያርፍበት በውስጡ የሚያመልጠው ዘይት ሲቀነስ 1,490 አካባቢ ይረጋል። ስለዚህ ቺንጋም አላስፈለገው፤ ከዳይናሞው ጋር በቀጥታ ተያያዘ። የትራክተሩ ሞተር ከፍ ቢል ትርፉን ዘይት ወደ ታንኩ የሚመልስ የፍሰት መቆጣጠሪያ ቫልቭ አለ። ዝቅ ካለ ግን የትኛውም ቫልቭ የሌለውን ዘይት አያመጣም፤ የእጅ ነዳጅ መስጫው ቦታው ላይ ምልክት ይደረግበት።

ዝግ ብሎ የሚዞረውንና ከባድ ነገር ለማዞር የተሠራውን ሞተር «ጠንካራ ነው» ብላችሁ አታምጡልኝ። 1,500 ዙር ሥራው አይደለም።

«ሃይድሮሊክ ከፒቲኦ ይሻላል።» አይሻልም። ፒቲኦው (ከትራክተሩ ኋላ ወጥቶ ሌላ ማሽን የሚያዞረው ዘንግ) ነጻ ከሆነ በማርሽ ሳጥን አገናኝታችሁ በእሱ አዙሩ፤ የሚባክነው በጣም ያንሳል። ሃይድሮሊክ የሚመረጠው ፒቲኦው በሌላ ሥራ ሲያዝ ወይም ዳይናሞው ከፊት መቀመጥ ሲኖርበት ነው።

«ፋብሪካው 30 የፈረስ ጉልበት ካለ 30 ነው።» አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ያጣል። የእናንተን 23 ብላችሁ ቁጠሩት።

«ዘይት ሁሉ ዘይት ነው።» አይደለም። መመሪያው የሚያዘውን የትራክተር ዘይት ግዙ።

«ጄነሬተሩ ፓምፑን መልሶ እንዲያዞር ቢደረግ ናፍጣ ይቀራል።» በእያንዳንዱ እርምጃ የሚጠፋ ጉልበት ስላለ ፈጽሞ አይሆንም። ለ4.5 ኪሎዋት መብራት የትራክተሩ ሞተር ወደ 10 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ በሶኬት የሚመለሰው 6 ነው።

የቀረው 4 የት ሄደ? ሙቀት ሆነ። «እርሻ ላይ ግሎ አያውቅም» የሚሉኝ ይህን አያስተውሉም። ማረሻ ስታነሱ ሃይድሮሊኩ ለጥቂት ሰከንድ ሠርቶ ያርፋል፤ ጄነሬተር ግን አያርፍም። ወደ 2 ኪሎዋት የሚጠጋ ሙቀት በቀጥታ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ታንኩ 25 ሊትር ከሆነና ሙቀቱ መውጫ ካጣ ዘይቱ በደቂቃ 3 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። የማርሽ ሳጥኑ ብረት ጥቂት ይይዝለታል፤ ጥቂቱንም ነፋስ ይወስድለታል፤ ያዘገዩታል እንጂ አያድኑትም። ከ80 ዲግሪ ሲያልፍ ዘይቱ ይቀጥናል፤ መጠበቂያ ጎማዎች ይደርቃሉ፤ ማርሹም ፍሬኑም ያው ዘይት ውስጥ ናቸው። ስለዚህ በመመለሻው መስመር ላይ ማራገቢያ ያለው የዘይት ማቀዝቀዣ ሳላስገባ አልሠራም። ዋጋው ይወደድብኛል የሚል ሰው የማርሽ ሳጥን ጥገና ስንት እንደሆነ ይጠይቅ። የጋሼ ማሽን ሲፈተሽ ሙሉ ጭነት ጭነንበት በየአሥር ደቂቃው እየመዘገብን ለሁለት ሰዓት አቆየነው፤ 64 ዲግሪ ላይ ረጋ።

«የመመለሻው ቱቦ የትም ቢሰካ ዘይት መመለሱ አይቀርም።» በትክክል ያልተቆለፈ አንድ ማያያዣ ዘይቱን ሲያግድ ግፊቱ ወደ ሞተሩ ዘንግ ተመልሶ መጠበቂያ ጎማውን በአንድ አፍታ ሲተፋው አይቻለሁ። መመለሻው ከመግቢያው የሰፋ ሆኖ በቀጥታ ወደ ታንኩ ይግባ። ስታጠፉም እጀታውን ድንገት አትዝጉ፤ ዳይናሞው ገና እየዞረ ነው፤ የሚጠጣው ዘይት ያጣ ሞተር ይጎዳል።

ደም ሥሬን የሚያስነሳኝ ግን «ትንሽ ነው የሚያንጠባጥበው» ብሎ ቱቦውን በጣቱ የሚዳስስ ሰው ነው። በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ የ100 ባር ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ሲገባ የሚታየው ነጥብ ብቻ ነው፤ ሕመሙም ቀላል ነው። አንድ ወጣት መካኒክ በዚህ ምክንያት ጣቱን አጥቷል፤ «አያመኝም» ብሎ አድሮ ነበር። ፍሳሹን በካርቶን ፈልጉ። ቆዳ ከተበሳ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ፤ ዘይት መሆኑንም ተናገሩ።

«መብራት ከጠፋ መስመሩ የሞተ ነው፤ ጄነሬተሩን ግድግዳው ሶኬት ላይ መሰካት ይቻላል።» የእናንተ 220 ቮልት በሠፈሩ ትራንስፎርመር በኩል ወደ ኋላ ሲሄድ ወደ 15,000 ቮልት ይወጣል። ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሚጠግነው ሠራተኛ መስመሩ የተቋረጠ መስሎታል። እሱም ልጆች አሉት። ቼንጅ ኦቨር ማብሪያ (ቤቱን ከመንገዱ መስመር ቆርጦ ወደ ጄነሬተሩ የሚያዞር) ለሌለው ቤት ማሽን አላስረክብም፤ ጋሼንም «መጀመሪያ ያስገጥሙና ይምጡ» ብዬ ባዶ እጃቸውን መለስኳቸው። ተቆጥተው ሄዱ። በአራተኛው ቀን የኤሌክትሪክ ሠራተኛቸውን አስከትለው መጥተው ማሽኑን ወሰዱ።