የ«ፍሬንድስ» ተዋንያን፦ የሚወራላቸውና እውነታው

አንድ ጓደኛ አለኝ። «ፍሬንድስ»ን ከዳር እስከ ዳር አራት ጊዜ ጨርሶታል። ስለ ተዋንያኑ ሲያወራ ግን አንዳቸውንም በስማቸው አይጠራም፤ በድራማው ባላቸው ስም ነው የሚጠራቸው። «ሬቸል አዲስ ድራማ ጀመረች» ይላል። ማቲው ፔሪ በ2023 ሲሞት የደወለልኝም «ቻንድለር ሞተ!» ብሎ ነው። ነገሩ ስም ላይ ቢያበቃ ምንም አልነበረም። ፊቢ ነገር የማይገባት ስለሆነች ተዋናይቷም እንደዚያው ናት ብሎ ያምናል። ጆይም እንዲሁ። በቀደም ቡና ላይ ተከራከርን። እሱ አላመነኝም፤ እኔም እልህ ያዘኝና ይኸው ጻፍኩት።

ላላየው ሰው፦ «ፍሬንድስ» ኒውዮርክ ውስጥ ስለሚኖሩ ስድስት ወጣት ጓደኛሞች የሚያወራ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ነው፦ ሬቸል (ጄኒፈር አኒስተን)፣ ሞኒካ (ኮርትኒ ኮክስ)፣ ፊቢ (ሊሳ ኩድሮ)፣ ሮስ (ዴቪድ ሽዊመር)፣ ቻንድለር (ማቲው ፔሪ) እና ጆይ (ማት ለብላንክ)። በአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን ከሴፕቴምበር 1994 እስከ ሜይ 2004 ታየ። አስር ሲዝን፣ 236 ክፍል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው። በነገራችን ላይ ኒውዮርክ የተባለው ለታሪኩ ነው። የተቀረጸው አገሩን አቋርጦ ካሊፎርኒያ፣ በርባንክ ከተማ፣ ዋርነር ብራዘርስ ስቱዲዮ ውስጥ ነው።

«ማንም የማያውቃቸው ልጆች ነበሩ፤ በአንድ ሌሊት ታወቁ»

ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ኮርትኒ ኮክስን እንውሰድ። ሞኒካ ከመሆኗ አስር ዓመት በፊት፣ በ1984፣ ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ«ዳንሲንግ ኢን ዘ ዳርክ» ክሊፑ ላይ ከተመልካች መሃል መርጦ መድረክ ላይ ያወጣትና አብራው የጨፈረችው ልጅ እሷ ናት። ከዚያ «ፋሚሊ ታይስ» በተባለው ዝነኛ ኮሜዲ የማይክል ጄ ፎክስ ፍቅረኛ ሆና ተጫወተች። በ1994 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ከጂም ኬሪ ጋር «ኤስ ቬንቹራ» ፊልም ላይ ታየች። ስድስቱ ሲሰባሰቡ ሰው ፊቷን የሚያውቃት እሷን ነበር።

የሌሎቹ ጉዞ የተሞላው በዝና ሳይሆን በተሰረዘ ድራማ ነው። ጄኒፈር አኒስተን ለምሳሌ አባቷ ጆን አኒስተን የታወቀ ተዋናይ ነበር። «ዴይስ ኦቭ አወር ላይቭስ» በተባለው የቀን ድራማ ላይ ከ1985 ጀምሮ ይተውን ነበር። ስለዚህ «በአባቷ ገባች» የሚል አይጠፋም። ግን ከ«ፍሬንድስ» በፊት የሠራቻቸውን ቁጠሩ፦ «ሞሎይ»፣ «ፌሪስ ቡለር»፣ «ዘ ኤጅ»፣ «መድሊንግ ስሩ»። አራቱም ብዙ ሳይቆዩ ተሰረዙ። መሃል ላይ አንድ የአስፈሪ ፊልም አለ፣ «ሌፕሪኮን» የሚባል፣ በ1993። ቀደም ሲልም ኒውዮርክ ውስጥ በአስተናጋጅነት ሠርታለች። እንዲህ ያለ በር ተከፈተ ይባላል እንዴ?

የ«መድሊንግ ስሩ» ነገር ደግሞ ልብ ያንጠለጥላል። ድራማው የኤንቢሲ ተወዳዳሪ የሆነው የሲቢኤስ ቴሌቪዥን ነው። አኒስተን ቀድማ ፈርማለታለች። ሲቢኤስ «ይቀጥላል» ካለ «ፍሬንድስ» ላይ መሥራት አትችልም። የ«ፍሬንድስ» ሰዎች ይሄን እያወቁ ሬቸልን ሰጧት፤ ካልሆነ በሌላ ሰው ተተክታ የተቀረጸው ሁሉ እንደገና ሊቀረጽ ነው። ሲቢኤስ በ1994 ክረምት ድራማውን ማሳየት ጀመረ። ሰው አላየውም። ሴፕቴምበር ላይ ተሰረዘ። የአንዱ ሞት ለአንዱ ሕይወት ሆነ።

ማቲው ፔሪም ተመሳሳይ ገመድ አስሮታል። በ1987 ገና በአስራዎቹ መጨረሻ ላይ እያለ «ሰከንድ ቻንስ» በተባለ ኮሜዲ ዋና ተዋናይ ነበር። ያ ድራማ መሃል ላይ ስሙ ተቀየረ፣ ከዚያም ተሰረዘ። ሌሎችም ተከተሉት። በ1994 ገንዘብ ሲያጥረው አንድ የሙከራ ክፍል ላይ ፈረመ። ታሪኩ በ2194 በሎስ አንጀለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ስለሚያመላልሱ ሠራተኞች ነው። ተሳፋሪዎቹ መካከል ከሌላ ፕላኔት የመጡ ፍጡራን አሉበት። አልቀለድኩም። በዚያ ፊርማ ምክንያት የቻንድለር ቦታ መጀመሪያ ለጓደኛው ለክሬግ ቢርኮ ቀረበ። ፔሪ ራሱ አብሮት ተቀምጦ ለኦዲሽኑ አለማምዶታል። ቢርኮ ሌላ ሥራ መርጦ «አልፈልግም» አለ። የሻንጣውም ድራማ መና ቀረ። ቻንድለር ወደ ባለቤቱ መጣ።

ዴቪድ ሽዊመር የቴአትር ሰው ነው። ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ አብረውት ከተማሩት ጋር በ1988 ቺካጎ ላይ «ሉኪንግግላስ» የተባለ የቴአትር ቡድን አቋቁሟል። ቡድኑ ዛሬም አለ። በ1994 «ሞንቲ» የሚባል ኮሜዲ ላይ ተጫወተ፤ ወዲያው ተሰረዘና ሲትኮም (የቴሌቪዥን ኮሜዲ) አንገፈገፈው። ያኔ የ«ፍሬንድስ» ደራሲዎች ሮስን ሲጽፉ እሱን በአእምሯቸው ይዘው ነበር፤ ቀደም ሲል ለሌላ ሥራ ሲፈተን አይተውታል። ስለዚህ ሊያግባቡት ግድ ሆነ።

«ኮክስ ለሞኒካ ተመርጣ ነው የመጣችው»

አይደለም። የተጠራችው ለሬቸል ነው። እሷ ናት «ሞኒካን ስጡኝ» ያለችው።

«ፊቢን የምትጫወተዋ ራሷም እንደዚያው ናት»

ጓደኛዬን ያስደነገጠው ይሄ ነው። ሊሳ ኩድሮ ቫሳር ኮሌጅ ባዮሎጂ ተምራ የተመረቀች ናት። አባቷ ዶክተር ሊ ኩድሮ የራስ ምታት ስፔሻሊስት ሐኪም ነበሩ። ከኮሌጅ ስትወጣ ከእሳቸው ጋር በምርምር ሥራ ለዓመታት ቆየች። በግራ ወይም በቀኝ እጅ መጠቀምና ራስ ምታት ግንኙነት አላቸው ወይ የሚለውን ያጠና የሕክምና ጽሑፍ ላይ ስሟ አለ። የታተመውም በ1994 ነው፤ «የሚሸት ድመት» የሚለው የፊቢ ዘፈን ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ።

ትወናውን የጀመረችው በሃያዎቹ ዕድሜዋ ነው። የወንድሟ ጓደኛ የሆነው ኮሜዲያን ጆን ሎቪትዝ አደፋፈራትና ሎስ አንጀለስ ያለው «ግራውንድሊንግስ» የተባለ ያለ ስክሪፕት የሚቀልድ ቡድን ውስጥ ገባች። ከዚያ በ1993 «ፍሬዠር» በተባለ ኮሜዲ ላይ ሮዝ የምትባለዋን ሴት የመጫወት ቦታ አገኘች። ልምምድ ላይ እያሉ ተባረረች። ቦታው ለፔሪ ጊልፒን ተሰጠ። «ፍሬዠር» ደግሞ አስራ አንድ ሲዝን ሄደ። ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ላቦራቶሪው ይመለስ ነበር።

እሷ ግን «ማድ አባውት ዩ» በተባለ ኮሜዲ ላይ ኡርሱላ የምትባል ዝርክርክ አስተናጋጅ ሆና አንዳንዴ ብቅ ትል ጀመር። ችግሩ ይሄ ድራማና «ፍሬንድስ» በአንድ ጣቢያ፣ በአንድ ምሽት፣ ተከታትለው የሚታዩ መሆናቸው ነው። ተመልካቹ ያንኑ ፊት ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሌላ ስም ሊያይ ነው። መፍትሔው? ኡርሱላን የፊቢ መንትያ እህት አደረጓት! ብዙ ሰው መንትያዋ ለ«ፍሬንድስ» የተፈጠረች ይመስለዋል። ከፊቢ በፊት የተወለደች ታላቅ ናት።

በ1998 ከስድስቱ መካከል የመጀመሪያውን ኤሚ፣ ትልቁን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት፣ የወሰደችውም ይህቺው «የማይገባት» ሴትዮ ናት። አኒስተን በ2002 ተከተለቻት። ኮክስ ግን ለሞኒካ አንድም ጊዜ ለኤሚ አልታጨችም። ለእኔ ይሄ ግፍ ነው።

«ጆይና ማት ለብላንክ አንድ ናቸው»

ጆይ ከኒውዮርኩ ኩዊንስ የመጣ ጣሊያን ነው። ለብላንክ ማሳቹሴትስ ውስጥ ኒውተን ከተማ ነው የተወለደው፤ የጣሊያን ዘሩ በእናቱ በኩል ነው። የአባቱ ስም ፈረንሳይኛ ነው፣ «ነጩ» ማለት ነው። የአናጺነት ሙያ የተማረ ሰው ነው። በትወና መጀመሪያ ያሳወቀው የኬቻፕ ማስታወቂያ ነበር። ከዚያ እንደሌሎቹ በአጭር የተቀጩ ድራማዎች። «ፍሬንድስ»ን ሲያገኝ ኪሱ ውስጥ 11 ዶላር ብቻ እንደነበረው ራሱ ተናግሯል። በኋላ «ኤፒሶድስ» በተባለ ኮሜዲ ላይ ማት ለብላንክ የሚባል፣ በራሱ የተኮፈሰ ተዋናይ ሆኖ ተጫወተ። ሰው ከጆይ ጋር ሲያምታታው እሱም መምታታቱን ሥራ አደረገው። ጎልደን ግሎብም ተሸለመበት፣ በ2012።

«ቻንድለር፣ ማለቴ ፔሪ፣ እንጀራው ከጥንትም ሆሊውድ ነው»

የተወለደው አሜሪካ ነው፤ ያደገው ግን ካናዳ፣ ኦታዋ። እናቱ የጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ትሩዶ የፕሬስ ጸሐፊ ነበሩ። ልጅ ሆኖ ህልሙ ቴኒስ ነው፤ ኦታዋ ውስጥ በታዳጊዎች ደረጃ ስሙ የተጻፈ ተጫዋች ነበር። በአስራ አምስት ዓመቱ ተዋናይ አባቱ ዘንድ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። እዚያ ያሉት ቴኒሰኞች ጉድ አደረጉትና ወደ ትወናው ዞረ። አንድ የልጅነት ጥፋቱንም በ2017 በቴሌቪዥን ተናዟል፦ ትምህርት ቤት እያሉ ከጓደኛው ጋር ሆኖ የጠቅላይ ሚኒስትሩን ልጅ ደብድቦታል። ልጁ ጀስቲን ትሩዶ ነው። ኑዛዜው ሲሰማ ትሩዶም በተራው ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በክፍል አንድ ሚሊዮን ዶላር ይከፈላቸው ነበር»

ሚሊዮኑ የመጣው በመጨረሻዎቹ ሁለት ሲዝኖች ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሲዝን ለእያንዳንዳቸው በክፍል 22,500 ዶላር ነበር። በሁለተኛው ክፍያቸው ተለያየ። የሮስና የሬቸል ፍቅር ሰውን ስለያዘው ሽዊመርና አኒስተን ከሌሎቹ በለጡ። በዚህ ጊዜ ሽዊመር ሌሎቹን ሰብስቦ «አንድ ላይ እንደራደር፣ እኩል ይከፈለን» አለ። እሱና አኒስተን ለዚህ ሲሉ ዝቅ ማለት ነበረባቸው፤ አደረጉት። ሦስተኛው ሲዝን ላይ ሁሉም 75,000 ሆኑ። ሰባተኛው ላይ 750,000። ዘጠነኛው ላይ ሚሊዮን። ስድስቱ አንድ ላይ ባይቆሙ አንድ በአንድ መቀየር ቀላል ነበር።

«ድራማው ካለቀ በኋላ ጠፉ»

ልጆች ያላችሁ ሰዎች ሽዊመርን ሳታውቁት በየሳምንቱ ትሰሙታላችሁ። «ማዳጋስካር» ላይ በሽታ የሚፈራው ቀጭኔ፣ ሜልማን፣ ድምፁ የእሱ ነው። ይበቃል።

«ጉንተር እንዲሁ ከጎን የቆመ አጃቢ ነው»

ጉንተር ማለት ስድስቱ በሚሰባሰቡበት ቡና ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ ሬቸልን በስስት የሚያየው ባለ ነጭ ፀጉሩ ነው። ተዋናዩ ጄምስ ማይክል ታይለር ይባል ነበር። በእርግጥ የመጣው ለአጃቢነት ነው። ከአጃቢዎቹ መካከል ግን የኤስፕሬሶ ማሽን መያዝ የሚያውቀው እሱ ብቻ ሆነ። ለምን ቢባል፣ ሆሊውድ ውስጥ አንድ ቡና ቤት ባሪስታ ነበር። እኛ አገር ቢቀረጽ በጀበና የሚያፈላ መፈለግ ባላስቸገረ! ፀጉሩንም ቢሆን ከቀረጻው በፊት በነበረው ምሽት ጓደኛው ለመለማመጃ ብሎ ነው ያነጣው። አዘጋጆቹ ወደዱት፤ ለአስር ዓመት ተፈረደበት።

ይሄ «አጃቢ» ከክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ በጂኦሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ከጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በቴአትር ሁለተኛ ዲግሪ ነበረው። የመጀመሪያውን ሲዝን አንድም ቃል ሳይናገር ጨረሰ። በሁለተኛው ሲዝን የመናገር ተራ ደረሰው፤ የተሰጠው አንድ ቃል ነው፣ «አዎ»። በድምሩ ወደ 150 በሚጠጉ ክፍሎች ላይ ታየ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ፊቱ በየሳምንቱ በሚሊዮኖች ቤት እየታየ፣ ቀረጻ በሌለበት ቀን እዚያው ሆሊውድ ቡና ቤቱ ሄዶ ቡና ይቀዳ ነበር።