«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም»፤ ታዲያ ለመቼ ይበቃል?

ባለፈው ሳምንት በአንድ ተረት የተነሳ ተኳረፍን። ተኳራፊዎቹ አምስት ጎልማሶችና አንድ የ19 ዓመት ልጅ ነን። ቦታው ቴሌግራም ነው።

ግሩፓችን ትንሽ ናት። ሁላችንም አዳማ ነዋሪ ነን፤ ፖስታ ቤት አካባቢ ለቡና በእግር የምንገናኝ ሰዎች ሆነን ሳለ ማታ ማታ ስልክ ላይ የምናወራው በአካል ከምናወራው አሥር እጥፍ ይበልጣል። ሁላችንም የየራሳችን ዕብደት አለን። አንዱ በፊደል አብዷል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተርና ስልክ የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት መዝገብ) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ.፣ በ3.0 ዕትም መሆኑን በወር አንዴ ሳያስታውሰን አያልፍም። አንዷ ቼዝ ትጫወታለች፣ የምትጫወተው ግን ከሰው ሳይሆን ከስልኳ ጋር ነው፣ ስትሸነፍም ስልኩን ትወቅሳለች። ሌላው መዝገበ ቃላት ይሰበስባል፤ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን፣ ትራስ የሚያክለውን የደስታ ተክለ ወልድን ሥራ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ፎቶ የሚልክልን እሱ ነው። ከሁላችንም በአምስት ዓመት የሚበልጠን ሒሳብ ሠራተኛ አለ። ጋሼ እንለዋለን፣ ደስ ይለዋል። የእኔ ዕብደት ተረትና ምሳሌ ነው።

የዚያን ዕለት ወሬው የልጅነት ጨዋታ ነበር። ብይ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ቅልሞሽ፣ ቆርኪ፣ እቃቃ። እንደተለመደው ሁሉም የሰፈሩ ሕግ ትክክለኛው ሕግ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ገበጣ ላይ ስንደርስማ ጦርነት ሆነ። እውነቱን ለመናገር ገበጣ ከመንደር መንደር ይለያያል፤ የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ገበጣ ሲጽፉም የመዘገቡት አንድ ጨዋታ አይደለም፣ ከየአገሩ የተለቀመ ብዙ ዓይነት ነው። ስለዚህ ማንም አልተሳሳተም። ይህንን ስል ግን ማን ሰምቶኝ።

ያኔ ልጁ ብቅ አለ። ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ከሳምንት ሰባት ቀን ዝም የሚል። «ገበጣ ስልክ ላይ ሠርቻለሁ፣ ሞክሩት» ብሎ ላከልን። ሞከርነው። ጉድጓዶቹ ያምራሉ፣ ጠጠሩ ሲወድቅ ጠብ ጠብ ይላል። አንድ ችግር ነበረው። በ48 ጠጠር ተጀምሮ ሲያልቅ 46 ይሆናል። ሁለቱን ስልኩ ይበላቸዋል። ጋሼ፣ ሒሳብ ሠራተኛ አይደል፣ ቆጠረና የሳቀ ፊት አስከትሎ ጻፈ፦ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም»።

ልጁ ከግሩፑ ወጣ።

እኔ ያበሸቀኝ የልጁ መውጣት ብቻ አይደለም። ተረቱ ያለቦታው መዋሉ ነው። ትርጉሙን ለአማርኛ አንባቢ ቃል በቃል መፍታት ስድብ ስለሚሆን አልሞክረውም። ሁላችንም ስንሰማው «ልጅ የሠራው ሥራ እዚህ ግባ አይባልም» ማለት ይመስለናል። ለእኔ ግን እንደዚያ አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ለመናገር ምንጃር ደርሰን መመለስ አለብን።

ምንጃር ከአዳማ ሩቅ አይደለም፣ ጤፉን የማያውቅ የለም። አያቴ እዚያ ነበረች። ትውልዷ ደብረ ብርሃን አካባቢ ሆኖ በትዳር ወደ ምንጃር የወረደች ሴት ናት። ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔ እሷ ጋ እላካለሁ። ስምንት ዓመቴ ሳለ አንድ ቀን እሷ ለቅሶ ሄደች፣ እኔ ከጎረቤት ልጆች ጋር እቃቃ ስጫወት ቀረሁ። ጭቃ ለውሰን፣ በቆርኪ «እንጀራ» ጋግረን፣ በቅጠል ብር ገዝተን ሸጠን ጨረስን። ልጆቹ ከብት ሊመልሱ ሄዱ። እኔ ግን እጄ ገና አልጠገበም። ቤት ገባሁ። ቡሃቃው ጥግ ቆሟል። ዱቄቱም አለ። እምዬ ደክሟት ትመጣለች፣ ለምን እራት አላደርስላትም አልኩ።

ዱቄት ጨመርኩ፣ ውሃ ጨመርኩ። ቀጠነ። ዱቄት ጨመርኩ። ወፈረ። ውሃ። እንደገና ዱቄት። የጤፍ ፍሬ ሦስት ሺህ ያህሉ ተሰብስቦ አንድ ግራም የሚሞላ ነገር ነው፤ ዱቄቱማ ትንፋሽ ይበቃዋል፣ ቅንድቤ ላይ፣ ደረቴ ላይ፣ ድመቷ ላይ ሳይቀር ነበር። ቡሃቃው እስከ አፉ ሞላ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ፦ ሊጡ አላነሰም። ሞልቶ ነበር የፈሰሰው።

አያቴ ሲመሽ ገባች። ወንድ ልጅ ክንዱ እስከ ክርኑ ሊጥ ውስጥ ገብቶ! ጎረቤት አይቶ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ስሜ «ጋጋሪው» ነበር። አልተቆጣችም። ነጠላዋን አውልቃ ሰቀለች፣ ጣቷን ነክራ ቀመሰች፣ ቀና ብላ አየችኝና «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፣ የኔ ጌታ» አለችኝ። «ለእራት» የሚለውን ረገጥ አደረገችው። ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ያቺ መርገጧ ናት።

ከዚያ ሥራ ጀመረች። ከቅሏ እርሾ ቀንሳ ጨመረችበት። የእኔን ሊጥ ከታች ወደ ላይ እየገለበጠች፣ በመዳፏ ተረከዝ እየጨፈለቀች፣ ጓል የተባለ እስኪጠፋ አሸችው። ሊጥ ማሸት ቀልድ አይደለም፣ ትከሻ ይጠይቃል፣ የልጅ ትከሻ ደግሞ ገና ነው። ከደነችው። የዚያን ማታ ንፍሮ በላን።

በነጋታው «አልደረሰም» አለች። በሦስተኛው ቀን ከላይ ያቀረረውን ቢጫ ውሃ አጠለለች፣ ከሊጡ ቀንሳ የፈላ ውሃ ውስጥ አብሲት ጣለች፣ በረድ ሲል መልሳ ቀላቀለችው። ቡሆው ኩፍ አለ፤ ጎኑ ላይ ጆሮዬን ደግኜ ቱክ ቱክ ሲል ሰምቻለሁ። ምጣዱን በጎመን ዘር አሰሰች፣ ዙሪያውን አዞረችው፣ አክንባሎውን ገጠመች። የመጀመሪያዋ እንጎቻ ለእኔ ሆነች። ዓይኗ ብዛቱ! ጎረቤት ሲመጣ ደግሞ «ይሄ የእሱ ቡኮ ነው» እያለች አበላች። እንግዲህ ጋጋሪ መባሌ አልቀረም፣ ግን በክብር ነው።

አሁን ወደ ንድፈ ሐሳቤ። ጓደኞቼ «ያንተ ፈጠራ» ይሉታል፣ ይበሉ።

አንደኛ፣ «በቃ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። አንዱ የመጠን ነው፣ «ገንዘቡ ይበቃል» እንደምንለው። ሌላው የመድረስ፣ የመብሰል ነው፤ «የበቁ አባት» ስንል ሆዳቸው ሞላ ማለታችን አይደለም፣ «ለወግ ለማዕረግ በቃ» ስንልም እንደዚያው። ከግዕዙ ብንነሳ ደግሞ «በቍዐ» ማለት ጠቀመ፣ ረባ ነው። እና ተረቱ የሚለው «ልጅ ያቦካው ያንሳል» ሳይሆን «ለዛሬ ማታ አይደርስም» ነው። የእኔ ቡሃቃ ምስክር ነው፤ ልጅ ሲያቦካ አያንስም፣ ይተርፋል። ውሃና ዱቄት እያፈራረቀ የሚጨምር ልጅ ያየ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ተረቱን የፈጠረችው ሴት (ሴት ናት፣ በዚህ አልከራከርም) ቡሃቃው ሞልቶ ሲፈስ እያየች «አነሰ» ልትል አትችልም።

ሁለተኛ፣ ግሱ። «ያቦካው» ነው የሚለው፣ «የለወሰው» አይልም። ጭቃም ይለወሳል። የሚቦካ ነገር ግን ጊዜ የሚፈልግ ነገር ነው። ልጅ እጁን እንጂ ቀኑን መጨመር አይችልም። በዚያ ላይ እርሾ አያውቅም፤ ጎረቤት ሄዶ እርሾ መዋስ እንዳለ፣ ቡሃቃው ሙልጭ ተደርጎ የማይታጠበው የትናንቱ ለዛሬው እንዲተርፍ መሆኑን ማን ነግሮት?

ሦስተኛው የምወደው ነው። ተረቱ የደጋ ተረት ነው እላለሁ። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሙቀቷን የቀመሳት ያውቃል። እዚህ ጠዋት በደህና እርሾ የተቦካ ሊጥ ማታ ብትቸኩል አፍለኛ ይወጣዋል፣ ከቸገረ ይበላል። ከረሳኸው ደግሞ ኮምጣጣ ሆኖ ይጠብቅሃል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ፣ ውርጭ አገር፣ ጠዋት ያቦካኸውን ማታ ብትከፍተው ገና ዱቄትና ውሃ ነው፣ ኩርፊያ ላይ ያለ ሊጥ። ሙቀት የእርሾን ሥራ እንደሚያፋጥን ሳይንሱም ይላል፣ አያቴም «ቆላ ሊጡ ይሮጣል» ትል ነበር። ስለዚህ «ለእራት አይበቃም» የሚለው ቃል ከብርድ አገር ተነስቶ በሙሽሮች አፍ ወደ ምንጃር፣ ከምንጃርም ወደ እኛ ወርዷል። ማስረጃ? አያቴ። ከደብረ ብርሃን የወረደች ሙሽራ አልነበረችም እንዴ?

ይህን ሁሉ ግሩፑ ላይ ጻፍኩት። መዝገበ ቃላት ሰብሳቢው ወዲያው ተነሳብኝ። «በቃ ማለት በቃ ነው፣ አታወሳስበው፤ የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ የሚለውስ ምን ልታደርገው ነው?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እሱም እኮ ግማሹን ብስል ብሎታል! ጥሬው ደግሞ ጥሬ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም። የቼዟ ልጅ ከእኔ ጋር ወገነች፤ ከወገነች በኋላ ግን ሊጥ አቡክታ እንደማታውቅ አመነች፣ ድጋፏን በግማሽ ቀነስኩት።

ነገሩን የሚያብሰው ተረቱ አሁን የሚውልበት ቦታ ነው። ስብሰባ ላይ 28 ዓመት የሞላት ሴት ሐሳብ ስታቀርብ ከኋላ ወንበር ይወረወራል። ኳስ ላይ አሠልጣኝ ተተኪ ልጅ ሲያሰልፍ ካፌው ውስጥ ይጮሃል፣ ልጁ ጎል እስኪያገባ ድረስ። ወርዋሪው ሁሌም በዕድሜ የሚበልጥ ነው፣ ተረቱም ሲወረወር «ለእራት» የሚለው ቃል ተውጦ ነው የሚወጣው። አያቴ የረገጠችውን እነሱ ይውጡታል። ደግሞ አያቴ ተረቱን ተርታ አልተቀመጠችም፤ እጅጌዋን ሰብስባ እርሾ ጨመረች፣ አሸች፣ ከደነች። ተርቶ የሚሄድ ሰው አላየሁም ነበር፣ ከተማ እስክገባ።

ስለዚህ ጋሼን በግል ጻፍኩለት። «ለመሆኑ አቡክተህ ታውቃለህ?» አልኩት። ረጅም ጊዜ «እየጻፈ ነው» ይላል። በመጨረሻ የመጣው፦ «እንጀራ ከሱቅ ነው የምገዛው»።

«እንግዲያው ሒሳብ ታውቅ የለ፣ ሁለቱ ጠጠር የት እንደሚጠፉ ፈልግለት» አልኩት።

ለልጁ የደወለለት ራሱ ጋሼ ነው። ሁለት ማታ አብረው ቆጠሩ አሉ። አንድ ጉድጓድ ተበልቶ ባዶ ሲሆን ስልኩ ከአጠገቡ ያለውን አንድ ጠጠርም አብሮ ያነሳ ነበር፤ ያ በአንድ ጨዋታ ሁለት ጊዜ እየደረሰ ኖሯል። በሦስተኛው ቀን ልጁ ተመልሶ ገባ፣ አዲሱን ላከ። 48 ገብቶ 48 ወጣ። ጋሼ አሁን ልጁ ያወጣው ሕግ የአዳማ ሕግ አይደለም ብሎ ሌላ ጭቅጭቅ ከፍቷል፣ እኔ ደግሞ ሦስት ጊዜ በስልኩ ስለተሸነፍኩ ከጋሼ ጋር ነኝ።